የአውቶቡሱ ቤት ማብሪያዎች

ጋራዡ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ሁሉም «ፊውዝ» ነው የሚለው። አርባ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቷል። ሲቆጣ ከሚስቱ በቀር ደፍሮ የሚመልስለት አልነበረም።

ባልና ሚስት የሚኖሩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያስገባበት አሮጌ አውቶቡስ ነው። ጡረታ ሲወጣ አገር ለአገር ሊዞሩበት አስበው፣ ሁለት ዓመት ዞሩበትም። ከዚያ ሚስትየውን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ በድን ሆነ፤ ቀኝ እግሯም ይጎተታል። እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ አውቶቡሱም ከጋራዡ ጀርባ በሁለት ግንብ መሃል ቆመ። እዚያ ፀሐይ የሚባል ነገር ዝር አይልም፤ በጠራራው ቀን እንኳ መብራት ካልበራ አይታይም። ማብሪያው ደግሞ አንድ ለእናቱ፣ ያውም በሩ አጠገብ።

ወይ ጣጣ! ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት ላብራ ብላ ስትነሣ ወደቀች። ፊውዝ ለምሳ እስኪመጣ ድረስ ወለሉ ላይ ተዘርራ ቆየች። ልጃቸው ይህን ስትሰማ እየበረረች መጣች።

«አባዬ፣ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ» አለችው። «እማዬ ካለችበት ሆና መብራት ማብራት ካልቻለች እኔ ጋ ነው የምወስዳት። ሞታ ልታገኛት ነው እንዴ የምትፈልገው?»

ምን ይበላት? ልጅቷ ያለችበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እዚህ የአውቶቡስ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻውን ሊቀር መሆኑን ሲያስበው እህል እንኳ አልዋጥ አለው።

ዓርብ ከሥራ ቀረ። ሲበሳ የሚነሣው አቧራ እንዳያስላት ብሎ ባለቤቱን ከጋራዡ ዘበኛ ሚስት ጋር ፀሐይ ላይ አስቀመጣትና ገባ። በአንዱ ማብሪያ ያበሩትን በሌላው ማጥፋት እንዲቻል አድርጎ ሽቦ መዘርጋት ለእሱ ጨዋታ ነው። የዚያን ቀን ግን አልሆነለትም። ጣሪያውን ሲበሳ አሮጌ ሽቦ ነካና እሳት ብልጭ አለ። የዘረጋውን ግማሹን ነቅሎ እንደገና ዘረጋ። «ኧረ በናትህ፣ ዛሬ እንኳ አታዋርደኝ» እያለ አውቶቡሱን ለመነው። ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። በሁለተኛው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ቦታውን ሲለካ ግን ተጠንቅቆ ነው። ለሹፌሮች ቁልፍ ሲገጥም እንደለመደው፣ ራሱ ቦታው ላይ ሆኖ ዓይኑን ይጨፍንና እጁ ሳይቸገር የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ሹፌር ቁልፍ ፍለጋ ዓይኑን ከመንገድ ማንሣት የለበትም ባይ ነው። አልጋዋ ላይ ተኝቶ ለካ። መጸዳጃው ላይ ተቀምጦ ለካ። ምድጃው አጠገብ ያለው ወንበሯ ላይም ተቀምጦ ለካ። በሦስቱም ቦታ ማብሪያ ገጠመ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ልጅቷ መጣች። ፊውዝ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃት። ባለቤቱን ደግፎ አስገባትና አስተኛት። ከዚያ በሩ አጠገብ ባለው ማብሪያ መብራቱን አጠፋው።

«በይ እሜቴ፣ አብሪው!» አለ።

አንሶላው ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። መብራቱ ግን አልበራም።

«ከጎንሽ ነው እኮ! እጅሽን ዘርጋ ስታደርጊ...» አለና ክው ብሎ ቀረ። ለካ ሲለካ የዋለው በራሱ ቀኝ እጅ ነው። ሦስቱንም።

እንግዲህ የሰውን ልጅ ጉድ እዩት! ስድስት ወር ሙሉ ያንን እጅ ሲያጥበው፣ ሲያሸው፣ እጅጌ ሲያለብሰው የኖረው እሱ አይደለም? በጭንቁ ሰዓት ግን የአርባ ዓመት ልማዱ ቀደመው።

ልጅቷ የስልኳን መብራት አበራች። «አባዬ... በቀኟ በኩል?»

«እኔ ነኝ እዚያ አድርገው ያልኩት» አለች እናትየው በተሳሰረ አንደበቷ። «እጄ እንዲለማመድ ብዬ ነው። አንቺ ምን አገባሽ?»

ውሸቷን ነው። ግራ እጇ ተሻግሮ ማብሪያው ጋ አይደርስም። በግራ እጇ የቀኙን አንጓ ያዘች፤ አነሣችው፤ እየጎተተች ግድግዳው ላይ አደረሰችውና ጣቱን ማብሪያው ላይ ተጫነች። አንሸራተታት። እንደገና ሞከረች፣ አሁንም አንሸራተታት። በሦስተኛው መብራቱ ቦግ አለ። ላብ በላብ ሆናለች።

«አየሽ?» አለች ለልጇ።

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ፊውዝ ግን ሁሉንም አየ፤ እሱን ላለማሳጣት ብላ የራሷን እጅ እንደ ዕቃ ስትሸከም አየ። ራሱንም ጠየቀ፤ ይሄን ሁሉ የለፋሁት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ?

«ይዘሻት ሂጂ፣ ልጄ» አለ።

«የትም አልሄድም!» አለች ሚስቱ።

«ትሄጃለሽ። ዳግመኛ ብትወድቂ ገዳይሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ የእናቷን ልብስ ሰበሰበች። ፊውዝ ሚስቱን አቅፎ መኪናው ድረስ ወሰዳትና ቀበቶውን አሰረላት። በሩን ሊዘጋ ሲል በግራ እጇ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው።

«ፊውዜ፣ ማብሪያዎቹን ወደ ግራ አዙረህ ስትጨርስ መጥተህ ውሰደኝ። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አላት።

መኪናው ከዓይኑ ሲጠፋ ካቻቢቴውን ይዞ ገባ። ማብሪያውን ለመንቀል በቅድሚያ መብራቱን ማጥፋት ነበረበት። እሷ ያበራችውን። እጁን ሰደደና መለሰው፤ እስኪመሽ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ።