በክብ የፈረምነው ደብዳቤ

ፖሊሶች ከሥራ ላይ ሲወስዱኝ ጋወኔን እንኳ አላወለቅኩም። ካዛንቺስ ካለው ጤና ጣቢያችን እስከ እስረኛ ማቆያው ድረስ መኪናው ውስጥ ማንም አላናገረኝም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በረኪናና ሽንት ይሸታል፤ መስኮቱ በቆርቆሮ ተመቷል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያሰብኩት አየር እንደማያስገባ ነበር። ያው፣ የነርስ አመል አይለቅም።

ጥግ ላይ የነበሩ አንዲት እናት፣ ቄራ አካባቢ ነጋዴ ናቸው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገሽ ነው ልጄ?»

«ለበላይ አካል ደብዳቤ ጽፈን ነው። ወላጆቻቸው የጤና መድን የሌላቸው ሕፃናት ከካርድ ክፍል እየተመለሱ አስቸገሩን። በቃ፣ ልጆቹ በራሳቸው መድን ይኑራቸው አልን።»

ነጠላቸውን እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«መርማሪው ሲጮህ አትፍሪው» አሉኝ። «ዝም ብሎ ሲያነብ ነው ክፉ።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ተጠራሁ። ደብዳቤያችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማን እንደቀደመ፣ ማን እንዳስተባበረ እንዳይታወቅ በክብ ነበር የፈረምነው። ብልጦች መሆናችን ነው እንግዲህ።

«መጀመሪያ የፈረመው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ውሸቴን ነበር። ይህን ብዬ ወረቀቱን ሳይ ነው ያስተዋልኩት። በየፊርማው አጠገብ ሰዓት ተጽፏል። ነርስ መድኃኒት ሰጥታ ስትፈርም ሰዓቱን ሳትጽፍ አትነሳም፤ ማንም ሳያዘን ሁላችንም በልማድ ሰዓታችንን አስፍረናል። ከችኮላ የተነሳ ነጥብ ስለማናደርግበት ተራ ቁጥር ይመስላል። ከሁሉም የሚቀድመው 210፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ የሥራ ጓደኛዬ ፊርማ ነው። የአራት ወር ልጅ ታጠባለች። የእኔ 335 ይላል። ነገሩ ከገባው እሷን ዛሬውኑ ከልጇ ነጥለው ያመጧታል።

«እነዚህ ቁጥሮችስ?»

«የካርድ ቁጥር ነው። የተመለሱት ልጆች።»

ድምፄ ደህና ነበር።

ቃሌን ጽፎ ሲጨርስ «ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። እጄ ሳላዘው ወደ ጎን ሸርተት አለ፤ ዓይኔም ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄዷል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ነው የነቃሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓት ሳልጽፍ ፈርሜ አላውቅም። እንደምንም እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

ወረቀቱን ስቦ ከእኔ ሥር ፈረመ። የእጅ ሰዓቱን አየና ከፊርማው ጎን 420 ብሎ ጻፈ። እሱም ነጥብ አላደረገም።

እጁ ቆመ። ደብዳቤያችንን ወደ ራሱ አዞረና ጣቱን ከፊርማ ፊርማ እያሳለፈ ክቡን ዞረው፤ ደግሞ ዞረው። የጓደኛዬ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ዝም ብሎ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

ፋይሉን ዘጋና «ውሰዷት» አለ።

እስክፈታ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር የእሷን ድምፅ እጠብቅ ነበር። አልመጣችም። ገብቶት ይሁን ሳይገባው ዛሬም አላውቅም። ገብቶት ቢሆንም አላመሰግነውም።

ለደብዳቤው መልስ አልመጣም። ጓደኛዬን ግን አሁንም ቡልጋሪያ ሰፈር ታክሲ መያዣው ጋ አገኛታለሁ። ባለፈው ያኔ ጡት ትጠባ የነበረችውን ልጇን ይዛ ነበር፤ አድጋ የእናቷ ትከሻ ላይ ደርሳለች። እናቷ ታክሲ ስትጠራ ልጅቷ ጠጋ አለችኝና፣

«እትዬ፣ አንቺ ታስረሻል። እማዬ ያልታሰረችው ፈርታ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ከሁላችንም ቀድማ የፈረመችው እናትሽ ናት» አልኳት።

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ከመናገሬ በፊት ግን ግራና ቀኜን አየሁ።