ያጎነበሰችው ቤት

ገና ልጅ ሳለሁ እሳትን የማውቀው እንደ እንግዳ ነበር፤ በባቡር መጥቶ አዳማ ላይ የሚወርድ፣ ማንም ሳይጠራው ሣር ክዳን ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ረጅም ቀይ ሰው ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አድርገው የሣሉልኝ አባባ ደገፋ ናቸው። ጎረቤታችን ነበሩ፣ የከተማው እሳት አጥፊዎች አለቃም ነበሩ። አለቃ ልበል እንጂ ያኔ ሹመትም ደሞዝም አልነበረም፤ እሳቸው ጥሩንባ ሲነፉ ጎረምሳው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፣ መሥሪያ ቤቱ በቃ ይኸው ነበር።

አመሻሹ ላይ፣ እናቴ ራት የሠራችበትን ፍም በአመድ ከማዳፈኗ በፊት፣ አባባ ደገፋ መጥተው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። የኩራዙ ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ድምፃቸው አብሮት የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። የሚያወሩልኝ ዓመቱን ነው፦ መስከረም ላይ ደመራው ሲለኮስ ፍንጣሪ ማፈኛ እርጥብ ቁርበት ይዘው ዙሪያውን እንደሚቆሙ፣ በበጋ ባቡሩ የረጨውን ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳር ደረቅ ሣር ላይ እንደሚያሳድዱ፣ ክረምት ደግሞ ጎርፉ ከዙሪያው ተራራ ወርዶ ጎድጓዳዋን ከተማ ሲሞላት ወገባቸውን በጠፍር ታስረው ጥጃውንም ሕፃኑንም እንደሚያወጡ። በእሳቸው አፍ ይህ ሁሉ ሥራ አይመስልም ነበር። እሳቱና ጎርፉ ተጣልተው የተለያዩ ባልና ሚስት ናቸው፤ የጠፉ ልጆቻቸውን ፍለጋ እየተፈራረቁ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ከሁሉ የምወደው ያጎነበሰችውን ቤት ተረት ነበር። እሳት ከቤት ቤት እየዘለለ ሲመጣ አንዲት ትንሽ ቤት ታየውና፣ እኔ ከቆምኩ ተረማምዶብኝ ያልፋል ብላ ጎንበስ ትላለች፤ እሳቱም መርገጫ አጥቶ ይወድቃል። ተረቱ የሥራቸው ልማድ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ከባቡር ጣቢያው ማጠራቀሚያ በቀር ውሃ በማይገኝባት ከተማ፣ እሳቱ ሳይደርስ አንዲቱን ቤት አፍርሰው መንገዱን ይቆርጡበት ነበር፤ የትኛዋ እንደምትፈርስ የሚወስኑት አባባ ደገፋ ብቻ ነበሩ። እኔ ግን ሁልጊዜ፣ እዚያ ቤት የነበሩት ሰዎችስ ምን ሆኑ እያልኩ እጠይቃለሁ። እሳቸው ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉና ወደ ሌላ ተረት ያልፋሉ።

አንድ ዓመት፣ ኅዳር በታጠነ ማግስት፣ ጥሩንባው በቀን ተነፋ። አንድ የሰፈራችን ሰው ያጠነውን ቆሻሻ ፍም እንደ ምድጃ በአመድ አዳፍኖ ተኝቷል። ለቤት ውስጥ የሚበጀው ዘዴ ለሜዳ አልሆነም፤ የአዳማ ነፋስ አመዱን ገፎ ፍሙን በአጥሩ ላይ በተነው። አባባ ደገፋ አፈር በእጃቸው ዘግነው ለቀቁት፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደውም አዩ። ከዚያ ወደ እኛ በር መጡ።

ያቺ ቤት አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ጭቃዋን ራሷ አቡክታ የመረገቻት ናት፤ እኔም በእግሬ ጭቃውን ረግጫለሁ። ሌላ መጠጊያ አልነበረንም።

«ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣» አሏት። «ቤትሽን ላፈርሰው ነው።»

እናቴ ማሰሮዋንና እኔን ይዛ ወጣች። ጎረምሶቹ ጫፋቸው ቆልማማ ብረት የሆኑ እንጨቶች ክዳኑ ላይ ጣሉና ሳቡ፤ ቤታችንም ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ ተረቱ፣ ጎንበስ አለች። እሳቱ መርገጫ አጥቶ ሲወድቅ ለማየት ጠበቅሁ። ነፋሱ ግን ዞረ። እሳቱ ፊቱን መልሶ ወደ ሐዲዱ ማዶ ሄደ፣ ሜዳው ላይ ሣሩን ሲግጥ ቆየና ጠፋ። ቤታችን በከንቱ ፈረሰች።

ቤታቸው የተረፈላቸው ሁሉ የፈረሰችውን መልሰው መሥራታቸው ወግ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም የተረፈልኝ በእሷ ነው የሚል አልነበረምና የመጣው ሰው ጥቂት ነው። አባባ ደገፋ ሸምግለዋል፣ ጥሩንባውን ለሌላ ይስጡ የሚለው ወሬ ከአጥር አጥር ዞረ። እሳቸው ቤታቸውን ለእኛ ለቀው ከከብቶቻቸው ጋር አደሩ፤ ጎሕ ሲቀድ ጭቃችንን ሲያቦኩ ይገኛሉ። ተረት ግን ተዉ። እውነቱን ልናገርና ከቤታችን መፍረስ የበለጠ የከፋኝ ያ ዝምታቸው ነበር።

ቤቷ ተሠርታ የገባን ዕለት እናቴ ኩራዙን ለኩሳ ራሷ ሄዳ ጠራቻቸው። ጥሩንባቸውን ይዘው መጡ፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አስተኙት።

«ነፋሱን ማወቅ አቃተኝ፣ ልጄ፣» አሏት። «ጥሩንባውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይያዘው።»

«ኦቦ ደገፋ፣» አለች እናቴ፣ «ባይዞርስ ኖሮ? ይልቅ ልጅቷ ተረት ናፍቋታል፣ ይንገሯት።»

ጀመሩ። ድምፃቸው አነስ ብሎ ነበር፤ አዲሱ ጭቃ ይሸታል፣ ፍሙ ይንጣጣል። እሳቱ መጣ፣ ትንሿ ቤት ጎንበስ አለች፣ በዚህ ጊዜ ግን ነፋሱ ዞረ። እዚያ ላይ ቆሙ። እኔም እንደ ልማዴ ሰዎቹስ አልኩ። አባባ ደገፋ አቀረቀሩ።

«ሰዎቹማ ይኸው አሉ፣» አለች እናቴ። «ተቀምጠው ተረት ይሰማሉ።»

አባባ ደገፋ ቀና አሉ፤ ሲሄዱም ጥሩንባቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያው በጋ ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ሲያመነታ፣ ቁርበት ነክራ ቀድማ የሮጠችው እናቴ ናት። ዛሬ ከነዚያ ተረቶች ብዙዎቹ ከእኔ ጠፍተዋል፣ የእሳቱም መልክ ደብዝዟል። ዐይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ግን የእናቴ ጀርባ ነው፤ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቁርበት ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጥሩንባው ወደሚጠራበት ስትሮጥ።