የአይብ ሙዳዬ ለምን አፈሰሰ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ጊዜውም ጣሊያን ቡታጅራ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ለመስቀል አንድ ወር ሲቀረው ነው። ያኔ አንቱ እላት ነበር። አሁን እሷ ብዬ እጽፋለሁ። ስሟን አልጠራም፤ ልጆቿ በሕይወት አሉ፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

እኔ የኖርኩት በስፌት ነው። ሣር አጭጄ፣ ሰንጥቄ፣ ቀለም ነክሬ፣ በወስፌ እየወጋሁ ሙዳይና ሌማት እሰፋለሁ። ቡታጅራ ውስጥ የእኛ ስፌት የሚታወቀው በአይብ ሙዳዩ ነበር። በመስቀል ሰሞን በጉራጌ ቤት አይብ የማይቀርብበት ማዕድ የለም። አይብ ደግሞ ውኃውን እየተፋ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ገዢ የሚፈልገው የማያንጠባጥብ ሙዳይ ነው። አጥብቃ የሰፋች ሴት ሙዳይዋ ውኃ ይይዛል። ያላጠበቀች እንደሆነ ጠዋት መደቡ ረጥቦ ይገኛል፣ የማን ስፌት ነው ተብሎ ይጠየቃል።

ስምንት ሴቶች ነበርን። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እሷ ግቢ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር እንሰበሰባለን። ክርስቲያንም እስላምም ነበርንበት። እሷ ታላቃችን ስለነበረች መሪዋ እሷ ናት። ሕጋችን አንድ ነው፦ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሙዳዩ ውኃ ይሞላና ከእጅ ወደ እጅ ክቡን አንድ ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዷ ሥሩን በመዳፏ ትዳብሳለች። መዳፍ ሁሉ ደረቅ ከሆነ ሙዳዩ አለፈ። ካፈሰሰ ግን የሰፋችው ሴት ሌላ ሰፍታ እስክታሳልፍ ድረስ ገበያ ላይ ከእኛ መደብ አትቀመጥም። የሙዳይ ስፌት አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

መደባችን ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ስምንት ሴት አንድ ላይ ስትቀመጥ ባንዳውም ወታደሩም ቀልዶ ያልፋል። ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ላይ ምን እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በዚያ ክብ ውስጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልክድም። ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት የመስቃን እስላም ሴት ነበረች። ባሏ አዲስ አበባ ለንግድ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወሬውም የለ። ሙዳይ እጇ በገባ ቁጥር «ቢስሚላህ» ትልና ሥሩን ዳብሳ፣ «ይቺስ ከባሌ የበለጠ ምስጢር ትይዛለች» ትላለች። በየሳምንቱ ያንኑ ትላለች፣ በየሳምንቱ እንስቃለን።

የእኔ ባል ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ቤት አልነበረም። ለሰው ሁሉ አዲስ አበባ ለንግድ ሄዷል እንል ነበር። ጫካ ነበር። ይህን የምናውቀው እኔና እህቱ ብቻ ነን። ምን ምን እንዳደረስኩለት፣ በማን እጅ እንዳደረስኩለት ዛሬም አልጽፍም።

እሱ ከሄደ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ሁለት ዙር እሰፋና እነሣለሁ። በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፣ ተመልሼ ወስፌዬን እፈልጋለሁ፣ ወስፌው ፀጉሬ ላይ ተሰክቶ አገኘዋለሁ። ሣሩን አርጥቤ ሌላ ሥራ ስጀምር ሣሩ ይደርቅብኛል። እጄ ግን አልሰነፈም፤ ይህን ማንም ሊመሰክር ይችላል። እንዲያውም መንገዱን አይቼ በተመለስኩ ቁጥር አጥብቄ እሰፋ ስለነበር የጣቴ ጫፍ ይደማ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ባንዳ መደባችን ፊት ቆመ። አማርኛው የደጋ ሰው አማርኛ ነው። በዱላው ጫፍ ሙዳዮቹን እየነካ አለፈና እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ያንቺ ባል የታለ?»

የባሌ እህት ቀደመችኝ። «አዲስ አበባ ነው ጌታዬ፣ ንግድ ላይ።»

«የጉራጌ ባል ሁሉ አዲስ አበባ ነው» አለ። «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ወንድ የት አስቀመጡት?»

ያቺ የመስቃን ሴት እጇን ዘረጋች። «የእኔን ካገኙት ይላኩልኝ ጌታዬ! ሰባት ዓመቱ ነው። ካረጀም ግድ የለም፣ እንዳለ ይላኩት!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ሄደ። ጥቂት ራመድ ብሎ ግን ዞሮ እኔን አየኝ። ሌሎቹ ልብ አላሉም። እህቱ አየችው። እኔም ማየቷን አየሁ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሙዳዬ የሚፈተንበት ቀን ነበር። አምስት ሳምንት የሰፋሁት፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ያዞርኩበት ነው። ከእሱ የተሻለ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰፋሁም። ቤቴ ሁለት ጊዜ ውኃ ሞልቼ ሞክሬዋለሁ፤ ሲያድር እንኳ ጠብ አላለም። እሷ እንደ ልማዷ ከእጄ ተቀብላ ከእንስራው ውኃ ልትሞላ ቤት ገባች። ቆየት ብላ ሞልታ ይዛ ወጣችና ለመጀመሪያዋ ሴት ሰጠቻት።

ሦስተኛዋ ሴት ጋ ሲደርስ ቀሚሷ ረጠበ። ከፍ አድርጋ ያዘችው። ከሥሩ ውኃው እንደ ክር እየቀጠነ ይወርድ ነበር።

«ውይ፣ አለቀሰች እኮ!» አለች ያቺ የመስቃን ሴት። የሳቀላት የለም።

«እትዬ፣ ቤቴ ሁለት ጊዜ ሞልቼ አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ቤትሽን አላየሁም። እዚህ ፈሷል» አለች። ዓይኔን አላየችም። «ሕጉን ታውቂዋለሽ። ሌላ ሰፍተሽ አምጪ።»

«መስቀል ሊገባ እኮ ነው!»

«መስቀል ላንቺ ብሎ አይቆይም።»

ሙዳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ አንዲቷ «ባሏ ከሄደ ልቧ እጇ ላይ የለም» ስትል ሰማሁ። ይህችኛዋ አሁን ሞታለች፤ እሷን ትቻታለሁ።

ቤቴ ገብቼ ሙዳዩን ገለበጥኩት። በደጅ ብርሃን ሥሩን ዙር በዙር አየሁት። ስፌቱ አልላላም። በአራተኛው ዙር ላይ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ የተበሳ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ሣሩን አልፎ ወጥቷል፣ ጠርዙም ሦስት ማዕዘን ነው። የእኛ ሁሉ ወስፌ ድቡልቡል ነው፣ ከአንድ ቀጥቃጭ የገዛነው። ሦስት ማዕዘን ወስፌ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ባሏ ከአሮጌ ሞረድ ሞርዶ የሠራላት።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። አንድ እግሯን ሰቅላ፣ እንሰቱን በተረከዟ ይዛ ትፍቃለች። ስመጣም አላቆመችም።

«እትዬ፣ ሙዳዬን ማን ወጋው?»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«እኔ ነኝ» አለች። እንዲህ ቶሎ ታምናለች ብዬ አልጠበቅሁም።

«ምን አደረግኩዎት?»

«አንቺ ምንም። ያ ሰውዬ ዞሮ አየሽ። ነገ ተመልሶ ይመጣል። አጠገብሽ ስድስት ሴት አለች፣ አንዷ ሳታስበው መንገድ መንገድ እንደምታዪ አንድ ቃል ካመለጣት ወንድሜ አለቀ። እኛም አለቅን።»

«ታዲያ ፈራሁ ቢሉኝ ምን ነበር? በራሴ እቀር ነበር።»

«በራስሽ ከቀረሽ ለምን ቀረች ይባላል። ስፌቷ አፈሰሰ ከተባለ ማን ይጠይቃል?»

«ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ።»

ያኔ መፋቋን አቆመች። «ንገሪያቸው። ለምን ወጋችው ሲሉሽ ምን ልትመልሺ ነው?»

ሄድኩ።

ይህን ያወራሁላቸው ጥቂት ሰዎች «ብልህ ሴት ናት፣ ባልሽን አተረፈችልሽ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። አስቀድማ ብትነግረኝ የሚያፈስ ሙዳይ በገዛ እጄ ሰፍቼ እመጣላት ነበር። ልቤ አውቆት፣ ሴቶቹ ፊት አንገቴን ደፍቼ፣ ስለ ባሌ ብዬ እሸከመው ነበር። እሷ ግን የሰፋሁትን እኔን ሳትጠይቅ በጓዳ ወጋችው። እኔን አላመነችኝም። ያለኝ አንድ ነገር እጄ ነበር፣ እሱን ወስዳ ለራሷ ፍርሃት መሸፈኛ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ቡታጅራ ገበያ ብቻዬን መቀመጥ አልደፈርኩም። እንሴኖ ገበያ ሄጄ ሞከርኩ። ሁለተኛው የገበያ ቀን ላይ አንድ ወታደር ሌማቴን አንሥቶ የገዛውን እንቁላል ከተተበት፤ «ሰፈራችን ነይና ጥረጊልን፣ እዚያ እንከፍልሻለን» አለኝ። እሺ ብዬ ዞር ሲል ዕቃዬን እዚያው ትቼ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ወስፌዬን፣ የተነከረ ሣር አንድ እሥር፣ አንድ ነጠላ ያዝኩ። በሦስት ቀን በአገና በኩል አድርጌ ወልቂጤ ገባሁ። ለባሌ እህት አልተሰናበትኳትም።

ወልቂጤን የመረጥኩት የመንገድ ሥራ ስላለ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ስለሚበዛበት፣ ማንም የማንን ባል ስለማይጠይቅ ነው። እዚያ የአይብ ሙዳይ የሚፈልግ አልነበረም። ድንጋይ ፈላጩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሣር ባርኔጣ መስፋት ጀመርኩ። ለጣሊያን መንገድ ሠራተኛ ሸጠሻል ያሉኝ አሉ። የሸጥኩት ፀሐይ ለሚመታው ራስ ነው።

ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፣ አምስት እንሆናለን። ጠላ የምትሸጥም፣ ገመድ የምትሸጥም አለች። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር አንድ ላይ ተቀምጠን እንሠራለን፣ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ። ከእነሱ ጋር እቀመጥ ነበር፤ ሥራዬን ግን ለማንም እጅ ሰጥቼ አላውቅም። አንዷ «አምጪው እስቲ ልየው» ስትል ጉልበቴ ሥር እደብቀዋለሁ። በየመሐሉ እነሣለሁ፣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄጄ እመለሳለሁ። «ይቺ ሴት የምትጠብቀው ሰው አለ» ይሉ ነበር። የምጠብቀው ሰው ነበረኝ፤ የምነሣው ግን ለእሱ አልነበረም። መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው።

ወሬ ደግሞ ከሰው ይፈጥናል። ከቡታጅራ በርበሬ ይዛ የመጣች አንዲት ነጋዴ ባርኔጣ አንሥታ አገላበጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው፣ አንቺ ያቺ ሙዳይዋ ያፈሰሰባት አይደለሽም?»

«ባርኔጣ ውኃ አይቀዳበትም» አልኳት። «ግዢ፣ አለበለዚያ አስቀምጪው።»

ገዛች። እኔ ግን በዚያን ቀን ሌላ አልሸጥኩም። ዕቃዬን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት ባሌ መጣ። ቡታጅራ ሄዶ አጥቶኝ፣ እህቱ ከነጋዴ ሰምታ የት እንዳለሁ ነግራው ነው። ከስቶ ነበር፣ አንድ ጆሮው አይሰማም። በአራተኛው ቀን «ተነሺ፣ አገራችን እንግባ። መደብሽ ክፍት ነው ብላለች» አለኝ። ያኔ ሁሉን ነገርኩት።

«ነፍሴን እኮ ነው ያተረፈችው» አለ።

«የእኔንስ?»

«አንቺም ይኸው ተርፈሻል።»

«እመጣለሁ» አልኩት። «ግን እህትህ አንድ ነገር ታድርግልኝ። ረቡዕ ዕለት ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ ሙዳይዋን የወጋሁት እኔ ነኝ ትበል። አሁን ጫካ ያለ ሰው የለም። የምትፈራው ባንዳ የለም። ምንም የሚከለክላት የለም።»

ሄዶ ነገራት፣ መልሷን ይዞ መጣ። «የድሮ ነገር ነው፣ ሴቶቹም ረስተውታል። ትምጣ» ብላለች። ሴቶቹ እንዳልረሱት ያቺ በርበሬ ነጋዴ ነግራኛለች። ባርኔጣ ስሰፋ በኖርኩባቸው ዓመታት ቡታጅራ ላይ የአይብ ሙዳይ ከባሌ እህት በላይ የሚሰፋ የለም ተብሎ ነበር። ያንን ስም ከእኔ ጋር መካፈል አልፈለገችም። በፍርሃት የጀመረችውን ያለ ፍርሃት ጨረሰችው። ይቅር የማልላት ለመጀመሪያው አይደለም፣ ለዚህ ነው።

ባሌ ሁለት ጊዜ ለመነኝ፣ አንድ ጊዜ ተቆጣኝ። ከዚያ ብቻውን ቡታጅራ ገባ። እኔ ወልቂጤ ቀረሁ።

እሷ የሞተችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለቀብሯ ሄድኩ። ከእነዚያ ሴቶች ሦስቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከቀብር መልስ ከለቀስተኛው መሐል ለይቼ ጠራኋቸውና ሙዳዬን ማን እንደወጋው፣ በምን እንደወጋው፣ ለምን እንደወጋው ነገርኳቸው። በማግስቱ ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ።