ሸማኔው ቀርቷል

«ለምንጭም ለጸደይም አንድ ቃል ብቻ? ይኼማ የድኻ ቋንቋ ነው!» አሉ አባቴ።

«ለጠመንጃ ሞላም ይሆናል፣ አባባ» አለ ታላቅ ወንድሜ። «እንግሊዞቹ ሁሉንም ስፕሪንግ ይሉታል።»

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ሰዓት ጠጋኙ ሰዓቴን ሲፈታ ቀጭኗ ሞላ ተስፈንጥራ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። የዘይቷ ሽታ ጣሊያን ቡሬን ለቆ በሄደ ሰሞን ወደነበረ አንድ ጠዋት መለሰኝ። የወንድሜ ካፖርት የጠመንጃ ዘይት ይሸት ነበር። ከእንግሊዞቹ ጋር በአስተርጓሚነት ሊዘምት ነው፤ በቅሎዋ ተጭና ደጅ ትጠብቀዋለች።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ወንድሜም ተማሪያቸው። በቤታችን ደግሞ መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ ተማሪ ከመቀመጫው አይነሣም።

«ሰዓት ሠሪውስ ምን ይላል?»

«ያንኑ ይላል፤ ሞላውን ማለቱ ነው።»

«ፈረሰኛውስ?»

«ፈረሱ ሲዘልለት ያንኑ ይላል።»

ድኻ ባሉት ቋንቋ ላይ ጥያቄ ሲደራርቡ ገርሞኝ ቀና ብል፣ እጃቸው የወንድሜን ካፖርት ጫፍ ጨብጧል። ያን ጊዜ ገባኝ።

«አናጢውስ?»

«የአናጢውን አላውቅም፣ አባባ።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፤ ገና ሸማኔው ቀርቷል።»

ወንድሜ ፈገግ አለ። «የሸማኔውን ጠይቄ፣ ስመለስ እነግርዎታለሁ።» ጉልበታቸውን ሳመና ጣቶቻቸውን ከካፖርቱ አንድ በአንድ አላቀቀ።

«ገበሬውስ?» አሉ አባቴ።

ወንድሜ ወጣ፤ የሳንቃው በር ከኋላው ተዘጋ።