ዓባይ ዳር ያበላሸሁት ፎቶግራፍ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን በከተማው ካሜራ የሚነካ ሐበሻ ከእኔ ሌላ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬው ነው የመጣሁት። በዚያ ሰሞን ያተረፈልኝ ነገር ቢኖር ፍርሃት ነው። በር ሲንኳኳ በቀዳዳ ሳላይ አልከፍትም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሻምበል አስጠራኝ። ዓባይ መሻገሪያ ላይ፣ በተነፋ ስልቻ ሰውና ዕቃ የሚያሻግሩትን ዋናተኞች ሊያሽቀዳድም ነው፤ እኔም ከዳር ሆኜ ላነሳቸው ነው። የሚሠራው አጥቷል ብዬ ፈገግ ስል አስተርጓሚው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ከነዚህ አንዱ ለአርበኞች ጥይት ያሻግራል ተብሏል። መልኩን የሚያውቅ ባንዳ ተገኝቷል፤ ግን ወንዝ ድረስ ወርዶ መታየት ፈርቷል። ፎቶግራፉ ለእሱ ነው።»

ታላቅ ወንድሜ ቤት ከለቀቀ ቆይቷል። ከአርበኞች ጋር መሆኑን እንጂ የት እንዳለ አናውቅም ነበር።

ዋናተኛን ከዳር ሆኖ ማንሳት አስቸጋሪ ነው። አጭሩ ሌንስ ወንዙን በሙሉ ያሳይና ሰውን የጤፍ ፍሬ ያሳክለዋል። ረጅሙ ያቀርባል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል። ረጅሙን ገጥሜ ወደ ማዶ ተመለከትሁ። አራት ሰዎች ስልቻቸውን እየነፉ ነው። ሦስተኛው ወንድሜ ነው።

ቶሎ ብዬ ረጅሙን ፈትቼ አጭሩን አወጣሁ።

«ረጅሙን!» አለ ሻምበሉ በአስተርጓሚው አፍ። «ፊታቸውን ነው የምፈልገው።»

መልሼ ገጠምሁት። ቀጥሎ ጸሐይዋን ፊት ለፊቴ አድርጌ ቆምሁ፤ እንዲያ ሲሆን ሰው ጥላ ብቻ ይሆናል። ሰውየው ይህንም ያውቃል፤ ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። አሁን የቀረኝ መላ አንድ ነው። የካሜራውን መዝጊያ ካዘገየሁት፣ ሲንፈራገጡ መልካቸው ከውኃው ጋር ይደባለቃል። መቼም የሚዋኝ ሰው ዝም ብሎ አይቆም! አዘገየሁትና ጠበቅሁ።

ደረታቸውን ስልቻው ላይ ጥለው እየቀዘፉ መጡ። እኛ ዘንድ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ያ የተረገመ አስተርጓሚ አፉን ከፈተ።

«ፎቶግራፍ ልትነሱ ነው! ተነሱ!»

ተነሱ። ቀዘፋውን ትተው፣ ውኃው እስከ ወገባቸው እንደሆነ፣ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው እንደ ምሰሶ ቀጥ አሉ። ፎቶግራፍ የሚነሳ ሰው መነቃነቅ እንደሌለበት በአገሩ ሁሉ ተወርቷል። አንዱ እንዲያውም ራሱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ በአክብሮት አወለቀ። ወንድሜ አየኝ፤ አወቀኝም። ሞኝ! ፊቱን በመሸሸግ ፈንታ ሳቀልኝ። ስሜን ይጠራል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አልጠራኝም። ብቻ ጥሩ ሆኖ እንዲወጣልኝ አገጩን ቀና አደረገ።

ሻምበሉ አጠገቤ ይተነፍሳል። ጣቴ ሳላዘው የሌንሱን ማጥሪያ ቀለበት አዞረው። ከማዶ ያለው ገደል ቅጠሉ ሳይቀር ጠራ፤ ወንድሜ ደበዘዘ። ተጫንሁ።

ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲወጣ ሻምበሉ በጥፊ አጮለኝና ፊቴ ላይ ወረወረው። አስተርጓሚው «ሙያ የለህም እያለህ ነው» አለኝ፣ ማስተርጎም ያስፈለገው ይመስል። ለቅሜ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ይከተሉኝ ይሆን እያልሁ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

ወንድሜ ግን ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ቆላ ውስጥ በተደረገ ውጊያ ወደቀ። ሐዘኑ በረድ ሲል እናቴ መጣች።

«የልጄን ፎቶግራፍ አንስተሃል አሉ። እስቲ አሳየኝ።»

ሌላ የለውም፤ ያንኑ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አየችው።

«የትኛው ነው?»

ጣቴን ሦስተኛው ላይ አደረግሁላት። ብዙ ጊዜ አየችው።

«አቧራ ይዞታል» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው።