ሸውሸዌዬ ዛሬ ከምሳር ተረፈች

ዛሬ እዚህ ቡሬ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ በጠራራ ፀሐይ «ዝናብ መጣ! ድረሱልኝ!» ብለው ጮኹ። ሰማዩ ላይ ግን ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

ያስጮኸቻቸው የእኔ ዛፍ ናት። ግቢዬ ውስጥ የተከልኳት ሸውሸዌ ነፋስ ሲነካት ድምፅዋ ልክ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። እትዬ በርበሬ ባሰጡ ቁጥር ታስደነግጣቸዋለች።

«ይቺን ውሸታም ቁረጥልኝ» ካሉኝ ቆዩ። ዛሬ ጠዋትማ የራሳቸውን ምሳር አምጥተው ሰጡኝ። እሺ ብዬ ግንዷ ላይ አስደግፌው ምሳ ልበላ ገባሁ። (ዛፍ በባዶ ሆድ አልቆርጥም።)

የጮኹት ያን ጊዜ ነው። እኔም ጎረቤቱም ተሯሩጠን የዓመት በርበሬያቸውን ከነሸራው እየጎተትን ቤት አስገባን። ቀና ስንል ፀሐይዋ እንዳለች ናት። ሁላችንም ሳቅን።

እሳቸው አልሳቁም። «ዛሬ ካልቆረጥካት እኔው እቆርጣታለሁ!»

እያጉረመረሙ ሻይ ሲያቀርቡልን ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ግቢውን አጥለቀለቀው። በርበሬው ደጅ ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም።

ሲያባራ እትዬ ጥሩወርቅ ዛፏ ሥር ቆመው ሽቅብ አዩዋት። ከዚያ ምሳራቸውን አነሱ።

«የምፈልጠው እንጨት አለኝ» ብለው ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

ተመስገን! እናንተስ ልትቆርጡት ስትሉ ውለታ የዋለላችሁ ዛፍ አለ? ጻፉልኝ፤ ለእትዬ አነብላቸዋለሁ። ምሳሩ አሁንም እሳቸው ጋ ነው።