ዓሣ ይዞ ወደ ባሕር ዳር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ስዛወር፣ አራት ዓመት ያሳደግሁትን ዓሣዬን ለማን ልተወው? ክንዴን የሚያህለውን ጌታ ባልዲ ውስጥ ከነውኃው አስገባሁት፤ ክዳኑን ለአየር ብዬ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁትና ሚኒባስ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ተቀመጥሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ጸበል ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ዓሣ ነው እማማ።"

"ወደ ባሕር ዳር?" ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጣና ዳር ዓሣ ይዞ የሚሄድ ጤነኛ የለም። "ምነው ልጄ፣ ጸበል ይሰሰታል?"

ቡሬ ላይ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ፣ ምእመኑ ተሳፋሪ ባልዲውን እያዘነበለ በቀዳዳዎቹ ቀድቶ ጠጥቷል፤ ፊቱንም ተቀብቷል። ክዳኑን ብከፍት ዓሣዬ ደረቅ ባልዲ ውስጥ ይንፈራገጣል።

እማማ ጎንበስ ብለው አዩት፤ አማተቡም።

"አይዞህ ልጄ፣ እሱን አልነካነውም። ጾም ነው።"